ሰርቮ ሲንቀሳቀስ የሚጠፋ ቦርድ፣ እና ለሞዴል አውሮፕላን የሚሆነው

በኮሎራዶ ግዛት አውሮራ ከተማ የሚኖሩ አንባቢ ክንፉ 1.2 ሜትር የሆነ የፎም አውሮፕላን ሠርተው፣ ከአሮጌ የእሽቅድምድም ድሮን የነቀሉትን የኤፍ411 በረራ መቆጣጠሪያ ቦርድ ገጥመውበታል። አራቱን ሰርቮዎች (የክንፉንና የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያዞሩ ትንንሽ ሞተሮች) በአንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅሱ ቦርዱ ጠፍቶ ይነሳል። «ፕሮሰሰሩ ስለደከመ ኤች743 ልግዛ ወይስ ይኸኛው ይበቃኛል?» ይላሉ። (ኤፍ411፣ ኤፍ405 እና ኤች743 ቦርዶቹ የሚጠሩባቸው የፕሮሰሰር ዓይነቶች ናቸው።)

ፕሮሰሰሩን ያለጥፋቱ አይውቀሱት። የድሮን ቦርድ ሰርቮ ለመመገብ አልተሠራም። የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ማረጋጊያ ፕሮሰሰሩን፣ የሬዲዮ ተቀባዩን (ሪሲቨር) እና ካሜራውን ከመገበ ሥራው አበቃ፤ ብዙውን ጊዜም ከ2 አምፔር በላይ አይሰጥም። ባለ 9 ግራም ሰርቮ ግን ጭነት በዝቶበት ሲቆም ብቻውን ወደ 0.7 አምፔር ሊስብ ይችላል። አራቱ አንድ ላይ ሲነሱ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቦርዱም ይጠፋል። ይህ መሬት ላይ ያበሳጫል፤ አየር ላይ ከሆነ ግን ቦርዱ እስኪነሳ ድረስ አውሮፕላኑን የሚመራው ማንም የለም።

ለማረጋገጥ የሰርቮዎቹን ቀይ ሽቦ ከቦርዱ ነቅለው፣ 5 ቮልትና ቢያንስ 3 አምፔር ከሚሰጥ ሌላ ማረጋጊያ ይመግቧቸው። ጥቁሩ ወይም ቡናማው ሽቦ ከቦርዱ ጋር የጋራ ሆኖ ይቆይ፤ አለበለዚያ ሰርቮው ትእዛዙን በትክክል አያነብም። የሁለቱን ማረጋጊያዎች ቀይ ሽቦ ግን በፍጹም አያገናኙ።

መጥፋቱ ቢቆም እንኳ ይህን ቦርድ ለአውሮፕላን አልመርጠውም። ማኅደረ ትውስታው 512 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ አርዱፓይለት የተባለው የበረራ ሶፍትዌር አይጫንበትም። የመገናኛ ወደቦቹም ጥቂት ናቸው፤ ሪሲቨርና ጂፒኤስ ከያዙት በኋላ ለቪዲዮ ማስተላለፊያው ቦታ የሚተርፍ አይመስለኝም።

የእኔ ምርጫ ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ የኤፍ405 ቦርድ ነው፤ የማቴክ ኤፍ405 ዊንግ ወይም የስፒዲቢ ኤፍ405 ዊንግ ዓይነት። እነዚህ ለሰርቮ የተለየ ማረጋጊያ አላቸው፤ ቮልቴጁንም እንደ ሰርቮው ዓይነት መምረጥ ይቻላል። የሰርቮ መሰኪያዎቹ በተርታ ስለተደረደሩ ብየዳው ይቀላል። ማኅደረ ትውስታው 1 ሜጋባይት በመሆኑ አይናቭ የተባለው ሌላው የበረራ ሶፍትዌር በምቾት ይሠራበታል፤ አርዱፓይለትም አንዳንድ ተጨማሪ አገልግሎቶቹ ቢቀነሱም ይጫናል። ኤች743 ባለ 2 ሜጋባይት ነው፤ ካርታ ለማንሳት፣ የራስዎን ስክሪፕት ለማስሮጥ ወይም ብዙ ሴንሰሮች ለመግጠም ካሰቡ ተገቢ ነው። ለእርስዎ አውሮፕላን ግን የዋጋው ልዩነት ጥሩ ሰርቮና ትርፍ ባትሪ ቢገዛበት ይሻላል። ሻጮች ስለ ጋይሮው (የአውሮፕላኑን መዞር የሚለካው ሴንሰር) ሞዴል ብዙ ይጽፋሉ፤ ፕሮፔለሩ ሚዛኑን ካልጠበቀ ምርጡ ጋይሮም የሚያነበው ንዝረት ነው።

ባሮሜትር (በአየር ግፊት ከፍታን የሚለካ ሴንሰር) ያለው ቦርድ ይምረጡ፤ ቺፑን ነፋስና ብርሃን እንዳያገኘው በስስ ስፖንጅ ይሸፍኑት። ኮምፓስ ግን ለአውሮፕላን ግዴታ አይደለም፤ ወደፊት እየበረረ ስለሆነ አቅጣጫውን ከጂፒኤስ ማወቅ ይችላል።

አሁን የከተማዎ ነገር። አውሮራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ወደ 15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። አውሮፕላኑ ላለመውደቅ በባሕር ዳርቻ ከሚበርበት 8 በመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር አለበት፣ ፕሮፔለሩም በባሕር ዳርቻ የሚገፋውን ያህል አይገፋም። ስለዚህ አውሮፕላኑ በራሱ ወደ ተነሳበት ሲመለስ የሚጠቀምበትን የጉዞ ትሮትል (የሞተሩን ኃይል መጠን) በአይናቭ ነባሪ ቁጥር፣ ማለትም በ1400፣ አይተዉት። ነፋስ በሌለበት ማለዳ በእጅዎ እየበረሩ፣ ከፍታው ሳይቀንስ በምቾት የሚሄድበትን ትሮትል ይለዩና እሱን ያስገቡ። አዲስ አበባ ወስደው ሊያበሩት ቢያስቡ፣ ከፈቃዱ ጉዳይ ሌላ ይህን ቁጥር እንደገና መለካት ይኖርብዎታል።

ክብደቱ ከነባትሪው ከ250 ግራም ካለፈ በአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሕግ መመዝገብ አለበት፤ ለዚሁ ከተፈቀደ ሜዳ ውጭ የሚበር ከሆነ ደግሞ የርቀት መታወቂያ ማስተላለፊያ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከቦርዱ ጋር የሚሰካበትን ቦታ አብረው ያስቡበት።

አዲሱን ቦርድ ከገጠሙ በኋላ ፕሮፔለሩን አውልቀው፣ ቦርዱ አውሮፕላኑን በራሱ ቀጥ በሚያደርግበት ሁነታ ይፈትሹ። አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉት የቀኙ አይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ታች መውረድ አለበት፤ አፍንጫውን ሲደፉት ኤሌቬተሩ (በጭራው ያለው አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ መነሳት አለበት። ከተገላቢጦሽ ከሆነ የሰርቮውን ወይም የቦርዱን አቅጣጫ በሶፍትዌሩ ያስተካክሉ። በሬዲዮው ላይ ቻናሉን መገልበጥ ይህን አያስተካክልም፤ ቦርዱ የራሱን እርማት አሁንም በተሳሳተው አቅጣጫ ይልካልና።