ስድስት ሰው፣ ሁለት ጀማሪ፣ አንድ ምሽት፦ የትኛውን የሰሌዳ ጨዋታ፣ እንዴት?

ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ፦ ስድስት ጓደኛሞች ናቸው፣ አራት ሰዓት የሚሆን የምሽት ጊዜ አላቸው፣ ሁለቱ የስትራቴጂ ጨዋታ ነክተው አያውቁም። ባለፈው ሪስክ (የዓለምን ካርታ ጠቅልሎ የመያዝ ጨዋታ) ጀምረው ሁለት ሰው በጊዜ ተሸንፎ ከጨዋታ ወጣና ስልኩን ሲነካካ አመሸ፤ የቀሩትም ሳይጨርሱ ተበተኑ። አሁን የሚጠይቁት «ቀለል ያለ ጨዋታ እንግዛ ወይ?» ብለው ነው።

የኔ መልስ፦ ያስቸገራችሁ የጨዋታው ክብደት ሳይሆን ተራ መጠበቅ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ተራውን ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ለስድስት ስትጫወቱ ተራው እስኪመለስለት 25 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ለሦስት ስትጫወቱ ግን 10 ደቂቃ ብቻ። ጀማሪ 25 ደቂቃ ከጠበቀ ሊያደርግ ያሰበው ከአእምሮው ይጠፋል፣ ሰሌዳውም ተለዋውጦ ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ እንደ አዲስ ማሰብ ይጀምራል። የሱ ተራ ሲረዝም ደግሞ የሌሎቹ ጥበቃ ይረዝማል። ሪስክ በዚህ ላይ ሰው ያስወጣል። አልበር ላሞሪስ በ1957 ያወጣው ይህ ጨዋታ ሙሉ ቀን ላላቸው፣ ለለመዱ ሦስት አራት ሰዎች ጥሩ ነው፤ 42ቱ ግዛቶች በስድስት ሰው ተከፋፍለው በአንድ ምሽት በአንድ እጅ ይገባሉ ብሎ መጠበቅ ግን አይሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ጠረጴዛ አድርጉት፣ ሦስት ሦስት ሆናችሁ። በየጠረጴዛው አንድ ጀማሪ፣ አንድ ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ አንድ መካከለኛ ይቀመጥ። ሁለቱን ጀማሪዎች አንድ ላይ «እንዲተዛዘኑ» ብሎ ማስቀመጥ ደግነት ይመስላል፣ ግን ሕግ የሚያስታውሰው አንድ ሰው ብቻ ይሆንና ጨዋታው በየደቂቃው ይቆማል። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ካታን (ሀብት እየሰበሰቡ መንገድ፣ መንደርና ከተማ የሚሠሩበት)፣ ሌላው ላይ ቲኬት ቱ ራይድ (ካርታ ላይ የባቡር መስመር የሚይዙበት) ይሁን። ግማሽ ላይ ጠረጴዛ ትለዋወጣላችሁ፤ አስረጂዎቹ ብቻ በቦታቸው ይቀራሉ።

ለምን እነዚህ ሁለቱ? ክላውስ ቶይበር በ1995 ያወጣው ካታን ዳይስ በተጣለ ቁጥር ለሁሉም ይከፍላል። የጓደኛህ ተራ ላይ ስንዴ ልታገኝ ትችላለህ፣ እሱም ጡብ ፈልጎ ሊለምንህ ይችላል። ተራህ ባይሆንም ሥራ አለህ። የአላን ሙን ቲኬት ቱ ራይድ (2004) ደግሞ ተራው በጣም አጭር ነው፤ ከሦስት ነገሮች አንዱን አድርገህ ታልፋለህ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሁለቱም ሰው አያስወጡም፤ የመጨረሻው ሰው እስከ መጨረሻው ይጫወታል። የካታን ዋናው ሣጥን ለሦስትና ለአራት ሰው ነው። ለአምስትና ለስድስት የሚያደርሰው ተጨማሪ ሣጥን አለ፣ ለመጀመሪያ ምሽት ግን አልመክረውም፤ የሸሻችሁትን ጥበቃ መልሶ ያመጣዋል።

ዝግጅቱ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ይለቅ። ሰው ተቀምጦ እያየ ካርድ መበወዝና ቁራጭ መለየት ግማሽ ሰዓት ይበላል። በየቀለሙ የተለዩትን ቁራጮች በየተጫዋቹ ወንበር ፊት አስቀምጡ። የካታን አምስቱን የሀብት ካርዶች (እንጨት፣ ጡብ፣ ሱፍ፣ ስንዴ፣ ማዕድን) ለየብቻ ደርድሩ፤ እያንዳንዱ 19 ነው፣ በድምሩ 95። የቲኬት ቱ ራይድ ባቡሮችን ቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ 45። ይህን ቆጠራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ነገር ግን ጨዋታው የሚያልቀው የአንድ ሰው ባቡር ሁለት ወይም ከዚያ በታች ሲቀር ስለሆነ፣ ሦስት ባቡር የጎደለው ተጫዋች ሳያውቀው ጨዋታውን ቀድሞ ያስቆማል። መጠጥ የሰሌዳው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ ከጎን ትንሽ ጠረጴዛ ወይም ወንበር ይኑር። የሚበላው ነገር ደረቅና ቅባት የሌለው ይሁን፤ ቅባት የነካው ካርድ ምልክት ይይዛል፣ ምልክት የያዘ ካርድ ደግሞ ከጀርባው ይታወቃል። መብራት ከላይ ይምጣ፤ ከጎን የሚመጣ መብራት የአንዱን ጥላ ሰሌዳው ላይ ይጥላል፣ ቀለም ለመለየትም ያስቸግራል።

አሁን ወደ ማስረዳቱ፤ ብዙ ምሽት የሚበላሸው እዚህ ነው። የሕጉን መጽሐፍ ከገጽ አንድ ጀምሮ ጮክ ብሎ ማንበብ አይሠራም። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ምን አድርገን እናሸንፋለን፣ አንድ ተራ ምን ይመስላል፣ ከዚያ ዝርዝሩ። ማሸነፊያውን ያላወቀ ሰው የምትነግረውን ሕግ የሚሰቅልበት ቦታ የለውም። አስር ደቂቃ ይበቃል፤ ቢበዛ አስራ አምስት። የሚያስረዳው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሌላው ጣልቃ እየገባ «አዎ ግን አንዳንዴ ደግሞ…» አይበል።

ካታንን ለምሳሌ እንውሰድ። «አስር ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። መንደር አንድ ነጥብ፣ ከተማ ሁለት ነጥብ ነው። ተራህ ሲደርስ ዳይስ ትጥላለህ፣ ሁሉም ሀብቱን ይወስዳል፣ ከዚያ ትገበያያለህ፣ ከዚያ ትሠራለህ።» ይህንን ብለህ ወዲያው አንድ ተራ በእጅህ አሳይ፦ ዳይሱን ጣል፣ የወጣውን ቁጥር በጣትህ ጠቁም፣ ካርዱን አንሳ፣ አንድ እንጨትና አንድ ጡብ ከፍለህ መንገድ ዘርጋ። መንደር እንጨት፣ ጡብ፣ ሱፍና ስንዴ አንድ አንድ ይፈልጋል፤ መንደርን ወደ ከተማ ማሳደግ ሦስት ማዕድንና ሁለት ስንዴ፤ የልማት ካርድ ማዕድን፣ ሱፍና ስንዴ አንድ አንድ። ይህን ማሸምደድ አያስፈልግም፣ ዋጋው የተጻፈበት ካርድ ለእያንዳንዱ አለ፤ እሱን ብቻ አሳዩት።

ጀማሪ ካታን ላይ የሚሸነፈው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንደሮች ሲያስቀምጥ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ በሉ። በየመሬቱ ላይ ከተቀመጠው ቁጥር ሥር ትናንሽ ነጠብጣቦች አሉ። ነጠብጣቡ በሁለት ዳይስ ሊወጡ ከሚችሉት 36 ጥምረቶች ስንቱ ያንን ቁጥር እንደሚሰጡ ይናገራል። 6 እና 8 አምስት አምስት አላቸው፣ 2 እና 12 አንድ አንድ። መንደር የሚቀመጠው ሦስት መሬቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነውና የሦስቱን ነጠብጣብ ደምሩ። 6፣ 9 እና 4 የሚያዋስኑት ማዕዘን 5፣ 4 እና 3 ማለት ነው፤ 12 ነጠብጣብ። ዳይሱ 36 ጊዜ ቢጣል በአማካይ 12 ካርድ ያመጣል። 2፣ 3 እና 12 የሚያዋስኑት ግን አራት ብቻ። ከአስር በላይ ካገኛችሁ ቦታው ጥሩ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ማዕዘን የሚነካው ሁለት መሬት ወይም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ወደቡ (ሀብት በተሻለ ዋጋ የሚለወጥበት ቦታ) በጣም ካላስፈለገ በቀር አይመረጥ። ሁለተኛው ነገር፣ ሁለቱን መንደሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ አትከምሩ፤ ያ ቁጥር ለአስር ተራ ካልወጣ ባዶ እጃችሁን ትቀመጣላችሁ። ሦስተኛ፣ እንጨትና ጡብ የሌለው ሰው መንገድ መዘርጋት ስለማይችል ገና ሲጀምር ይታሰራል። ይህ ሁሉ ለጀማሪው ከበዛበት የሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋቾች የተዘጋጀ አቀማመጥ አለ፣ መሬቱም መንደሩም የተመረጠ። እሱን ተጠቀሙ፤ ምንም ነውር የለበትም፣ ሃያ ደቂቃም ያተርፋል።

አቀማመጡን ራሳችሁ የምትመርጡ ከሆነ ተራው ሄዶ ይመለሳል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛው ደግሞ ያስቀምጥና ወደ አንደኛው ይመለሳል። የመነሻ ካርድ የምትወስዱት በሁለተኛው መንደር ዙሪያ ካሉት መሬቶች ብቻ ነው። በሁለት መንደሮች መካከል ቢያንስ አንድ ባዶ ማዕዘን ይቅር፣ የራሳችሁም ቢሆን።

7 ሲወጣ ጭቅጭቅ አይቀርምና ሕጉን አስቀድማችሁ አጥሩት። ከሰባት ካርድ በላይ የያዘ ሁሉ፣ ዳይሱን የጣለው ብቻ ሳይሆን ሁሉም፣ ግማሹን ይጥላል፤ ዘጠኝ የያዘ አራት ይጥላል። ከዚያ ዳይሱን የጣለው ሽፍታውን (የቆመበት መሬት ሀብት እንዳይሰጥ የሚያግደውን ቁራጭ) የግድ ወደ ሌላ መሬት ያዛውራል፣ እዚያ መሬት ላይ መንደር ወይም ከተማ ካለው ሰው አንድ ካርድ ሳያይ ይመዛል። 7 ከስድስት ውርወራ በአማካይ አንዴ ይወጣል፤ ለሦስት ስትጫወቱ በየሁለት ዙሩ ማለት ነው። ስለዚህ «ለከተማ አጠራቅማለሁ» ብሎ ስምንትና ዘጠኝ ካርድ ታቅፎ ተራ ማሳለፍ የጀማሪ ትልቁ ኪሳራ ነው። ሌሎች የሚረሱ ሕጎች፦ ግብይት የሚደረገው ተራው ከደረሰው ሰው ጋር ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይለዋወጡም፤ የልማት ካርድ በገዛችሁበት ተራ አይጫወትም (የነጥብ ካርድ ሲቀር)፤ ማሸነፍ የሚታወጀው በራስ ተራ ነው። ረጅሙ መንገድ ከአምስት፣ ትልቁ ጦር ከተጫወታችኋቸው ሦስት ፈረሰኞች (አንድ ዓይነት የልማት ካርድ ነው) ይጀምራል፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ነጥብ ናቸው።

ቲኬት ቱ ራይድ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። አራት የባቡር ካርድ ይታደላል፣ ሦስት የጉዞ ቲኬት (ሁለት ከተሞችን በመስመር አገናኝ የሚል ካርድ) ይሰጣል፣ ቢያንስ ሁለቱ ይያዛሉ። ጀማሪዎችን ሁለት ብቻ እንዲይዙ ምከሯቸው፣ በተለይ አቅጣጫቸው የሚገጣጠም ከሆነ፤ ያልተሞላ ቲኬት ከነጥብ ይቀነሳል። ተራ ላይ ወይ ካርድ ትወስዳለህ፣ ወይ መስመር ትይዛለህ፣ ወይ አዲስ ቲኬት ታወጣለህ። ከተገለጡት አምስት ካርዶች ሎኮሞቲቭ (ማንኛውንም ቀለም የሚተካ ካርድ) የወሰደ ያንን አንዱን ብቻ ነው የሚወስደው። በሁለትና በሦስት ሰው ጨዋታ ጎን ለጎን ከተሠሩት ጥንድ መስመሮች አንዱ ሲያዝ ሌላው ይዘጋል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው መጨረሻ ላይ ይናደዳል። ነጥቡ ወደ ረጅም መስመር ያደላል፦ ሁለት ባቡር የሚፈጅ መስመር ሁለት ነጥብ ሲሆን ስድስት ባቡር የሚፈጅ 15 ነጥብ ነው። አንዱ ባቡሩ ሁለት ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው እሱን ጨምሮ እያንዳንዱ አንድ ተራ ይጫወትና ይቆጠራል።

ሰዓቱን እንዲህ አከፋፍሉት፦ ለመሰባሰብና ለማስረዳት 30 ደቂቃ፣ ለመጀመሪያው ጨዋታ 90፣ ለዕረፍት 15፣ ጠረጴዛ ተለዋውጦ ለሁለተኛው 75፣ የቀረው 30 ደቂቃ መጠባበቂያ ነው። ሣጥን ላይ የተጻፈው ሰዓት ለለመዱ ሰዎች ነው፤ ጀማሪ ካለ ግማሹን ጨምሩበት። ካታን ከተመደበለት ሰዓት ካለፈ «ይህ ዙር የመጨረሻ ነው፣ ነጥብ የበለጠ ያሸንፋል» የሚለውን ስምምነት ከመጀመሪያው አድርጉ። መሀል ላይ ከተባለ እየመራ ያለው ሰው ጥቅም ይመስላል።

አብዝቶ የሚያስብ ሰው ካለ አታጣድፉት፣ «ምን እያሰብክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጮክ ብሎ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አማራጭ መካከል ተጣብቆ እንደሆነ ይታያል፣ መርጦም ያልፋል። የአሸዋ ሰዓት ወይም የስልክ ቆጣሪ ለለመዱ ነው፤ ጀማሪን ያስደነግጣል። ምክር የሚሰጠው ሲጠየቅ ብቻ ይሁን። የሰውን ካርድ አይቶ «ይህንን ተጫወት» የሚል አዋቂ፣ ጀማሪውን የራሱ እጅ አድርጎታል ማለት ነው፤ ያ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ፓንደሚክን የመሰሉ ሁሉም ባንድ ወገን ሆኖ የሚጫወትባቸው ጨዋታዎች ላይ ይህ ጣጣ ይብሳል፣ ለዚህም ነው ለዚህ ምሽት ያልመረጥኩት። ደግሞም ለአራት ሰው ነው።

ስድስታችሁም ባንድ ጠረጴዛ መሆን ከፈለጋችሁ ለሁለተኛው ምሽት ሰቨን ወንደርስን አስቡበት። አንትዋን ባውዛ በ2010 ያወጣው ነው፣ ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ይይዛል። ሁሉም ካርዱን መርጦ በአንድ ጊዜ ስለሚገልጥ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ለመጀመሪያ ምሽት ያልመከርኩት ካርዶቹ በጽሑፍ ፈንታ በምልክት የተሞሉ በመሆናቸው ነው፤ አንድ ሁለት ጨዋታ የቀመሰ ሰው ግን ቶሎ ይይዘዋል። ሦስት ዘመን አለው፣ በእያንዳንዱ ሰባት ሰባት ካርድ ታድሎ ስድስቱ ይጫወታል፣ ሰባተኛው ይጣላል። ከማደላችሁ በፊት 7+ የተጻፈባቸውን (ለሰባት ሰው ብቻ የሚገቡትን) ካርዶች አውጡ፣ በሦስተኛው ዘመን ላይ ደግሞ ሐምራዊዎቹን በውዛችሁ ስምንት ብቻ አስገቡ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ለስድስት ሰው የእያንዳንዱ ዘመን ክምር 42 ካርድ መሆን አለበት። ታድሎ የተረፈ ካለ፣ መውጣት የነበረበት ውስጥ ቀርቷል።

ስትጨርሱ የየቀለሙን ቁራጭ በየራሱ ትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ቁጠሩና ሣጥኑን ዝጉ። ካታን ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም 15 መንገድ፣ 5 መንደር፣ 4 ከተማ ነው። የጎደለ ካለ ሰው ሳይበተን ጠረጴዛው ሥር ፈልጉት።