በጆሮሽ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?

ልጄ፣

«ጋሼ፣ ሙዚቃ አቅራቢ ሆኜ ሳለ የአትሌቲክስ ስቱዲዮ ምሪ ተባልኩ፤ ልግባበት?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መልሱ የዘገየው የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀስሽብኝ ነው።

የስቱዲዮ ዳይሬክተር በነበርኩበት ጊዜ አንድ ተወዳጅ የመዝናኛ አቅራቢ የ10,000 ሜትር ፍጻሜን ከአንድ አንጋፋ አሠልጣኝ ጋር ተቀምጦ እንዲያስተላልፍ ተደረገ። ከሩጫው በፊት ማስታወቂያ ገባ። የሁለቱ ማይክሮፎን ግን እኔ ዘንድ ይሰማ ነበር።

«25 ዙር ሙሉ ምን ይታያል? ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» አላቸው ልጁ፣ ሳያፍር።

አሠልጣኙ ሳቁ። «እግር አትይ፣ ቦታ እይ። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ውስጠኛውን መስመር ይዞ የቀረ ከፊትም ከጎንም ይታጠራል፤ ልሂድ ቢልም መውጫ የለውም። የመጨረሻው ዙር ደወል ሳይደወል ቀስ ብሎ ወደ ውጭ የሚወጣውን ተመልከት። ሊሄድ ያሰበው እሱ ነው።»

ልጁ አገጩን በእጁ ደግፎ ያዳምጣል፤ ደግሞ ይጠይቃል። በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት የስፖርት ወግ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር፤ ተመልካች ዘንድ ሳይደርስ የቀረውም እሱው ነው።

ስርጭቱ ሲጀመር ከበላይ ትዕዛዝ መጣ፦ «አሟሙቀው፣ ዝም እንዳይል!» ልጁ በጫማ ቀለም ቀለደ፣ አሸናፊ ተነበየ፣ ዘፈን አንጎራጎረ። አሠልጣኙ ዝም አሉ። ሁለት ዙር ሲቀር ከእኛ ልጆች አንዱ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። አቅራቢው አየው! ወደ አሠልጣኙ ዞሮ ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት በጆሮው ማዳመጫ «ስፖንሰሩን አንብብ» ተባለ። አነበበ። ሲጨርስ ደወሉ ተደውሏል፤ ሯጩም ሄዷል። በማግስቱ አገር ምድሩ በልጁ ላይ ተሳለቀ፤ በጆሮው ስለሚናገረው ሰው የጠየቀ አልነበረም። ወደ ስፖርትም አልተመለሰም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤቢሲ በ2000 እ.ኤ.አ. ኮሜዲያኑን ዴኒስ ሚለርን የሰኞ ምሽት የአሜሪካ ፉትቦል አስተላላፊ አደረገው፤ ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ ጆን ማደን መጣ፤ አሠልጣኝ የነበረ ሰው። ሌላው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ኤንቢሲ ግን በ2024 ራፐሩን ስኑፕ ዶግን ለኦሎምፒክ ፓሪስ ሲወስድ ሩጫ ተንትን አላለውም። የፈረሰኛ ልብስ ለብሶ ከቴሌቪዥን አቅራቢዋ ማርታ ስቱዋርት ጋር ቬርሳይ ላይ ፈረሶቹን እያየ ተገረመ፤ ተመልካቹም አብሮት ተገረመ። የመዝናኛ ሰው ስፖርት ውስጥ ምን አገባው ስል የኖርኩት ሰውዬ ከልጅ ልጄ ጋር ስስቅ አመሸሁ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ዝምታ ያስፈራችኋል፤ ሦስት ሰከንድ ጸጥ ካለ ተመልካቹ የሸሸ ይመስላችኋል። በእርግጥ በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስታዲየም ከዚምባብዌ ጋር ተጫውተን በፍጹም ቅጣት ምት ስንወስድ፣ የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ዝም ማለቱ ትዝ አይለኝም። ዝምታን የምሰብክልሽ እኔ የእሱን ጩኸት የምናፍቅ ሰው ነኝ! ብቻ እሱ የሚጮኸው ኳሷን ተከትሎ ነበር።

ስለዚህ ግቢ። የሯጮችን ስምና ሰዓት እንደምታጠኚ አልጠራጠርም። ከመፈረምሽ በፊት ግን በጆሮሽ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮችም ማስታወቂያ አንብቢ ትባዪ እንደሆነ ጠይቂ። «እንደ ሁኔታው ይታያል» ካሉሽ በጽሑፍ ይስጡሽ። ስለ ክፍያው እኔን አታማክሪ፤ በእኛ ጊዜ የሚከፈለን ለታክሲም አይበቃም ነበር።