ምረቃችንን ያዘገየው ኮዱ ሳይሆን ስሙ ነበር

ጠያቂያችን ፕሮጀክታቸው አፓቺ ኢንኩቤተር (የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አዳዲስ ፕሮጀክቶችን ተቀብሎ የሚያሳድግበት ክፍል) ከገባ አሥራ አራት ወር እንደሆነው፣ ሦስት ሪሊዝ፣ ማለትም ለሕዝብ የቀረበ ቨርዥን፣ እንዳወጡ ገልጸው ለምረቃ፣ ማለትም ከኢንኩቤተሩ ወጥቶ ሙሉ የአፓቺ ፕሮጀክት ለመሆን፣ ድምፅ ለመጥራት ጊዜው ደርሶ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በዚሁ መንገድ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ተጉዤ የወጣሁ ነኝ፤ ከዚያ ውስጥ ሰባቱ ወር በገዛ ዝንጋታችን የባከነ ስለሆነ እናንተም እንዳይደርስባችሁ በዝርዝር ልጽፍ ወደድሁ። ስለ ላይሰንስ ፋይሎችና ስለ ፊርማ ቁልፎች አላነሳም፤ ሦስት ሪሊዝ ያወጣ ቡድን እነዚህን አሳምሮ ያውቃቸዋል።

አንደኛ፣ ሪሊዝ መቁጠሩን ተዉት። ኢንኩቤተሩ ይህን ያህል ሪሊዝ ወይም ይህን ያህል ወር ብሎ የወሰነው ነገር የለም። የዳታ ማቀነባበሪያው አፓቺ ስፓርክ እ.ኤ.አ. በ2013 አጋማሽ ገብቶ በ2014 መጀመሪያ ላይ ተመርቋል፤ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሪሊዝ የሚያሳየው ድምፁን ቢያንስ ለ72 ሰዓት ክፍት አድርጋችሁ፣ ሦስት የሚቆጠር የድጋፍ ድምፅ አሰባስባችሁ ሥራውን በደንቡ መሠረት መጨረስ መቻላችሁን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ኮሚተር (በፕሮጀክቱ ኮድ ላይ በቀጥታ ለውጥ የማስገባት ፈቃድ ያለው ሰው) ስም አጠገብ ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጻፉ። እኛ አሥራ አንድ ኮሚተሮች ነበሩን፤ ዘጠኙ ኮዱን ለአፓቺ የሰጠው የዚያው ኩባንያ ሠራተኞች ነበርን። የአፓቺ የብስለት መመዘኛ ፕሮጀክቱ ከአንድ ኩባንያ ተጽዕኖ ነፃ ስለመሆኑ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ደርሰን «አዎ» ብለን በአንድ ቃል አለፍነው። በአሥራ አራተኛው ወራችን፣ ጃንዋሪ ላይ መሆኑ ነው፣ የምረቃውን ውይይት ስንከፍት ከኢንኩቤተሩ በኩል ከሚመሩን አማካሪዎች (ሜንተሮች) አንዱ ምንም ሳይል የአንድ መልእክት ሊንክ ብቻ ላከልን። መልእክቱ ዲሴምበር 22 ቀን አንድ የውጭ ተጠቃሚ አዲሱን ቨርዥን ከጫነ በኋላ ዳታው መግባት ለምን እንዳቆመበት የጠየቀበት ነበር፤ የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው ጃንዋሪ 3 ነው። ኩባንያው ለዓመቱ መጨረሻ በሩን ዘግቶ ነበርና ፕሮጀክቱም አብሮት ተዘግቶ ሰንብቷል። በዕለቱ በጣም ተናድጄ ነበር፣ ዛሬ ግን ያ ሊንክ ከተሰጡን ምክሮች ሁሉ የበለጠ እንደጠቀመን አልክድም።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው በቢሮ የምንወስነውን ሁሉ ወደ ይፋዊው የኢሜይል ዝርዝር አወጣነው። ዓመት ሙሉ ዶክመንቴሽን ሲያርም የነበረን አንድ የውጭ ሰው ጨምሮ ሦስት ሰዎችን ኮሚተር አደረግን፤ ኮድ ሳይጽፍ እንዴት ኮሚተር ይሆናል ብለው ያጉረመረሙ ባልደረቦች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ እኔ ኮምፒውተሬን ሳልከፍት ሰነበትኩ፤ በእነዚያ ቀናት የመጡትን ጥያቄዎች ሁሉ ከእኛ ኩባንያ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች መልሰዋቸው አገኘሁ። በዚህ እስካሁን እኮራለሁ።

ሦስተኛ፣ ስሙ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ብትዘነጉት እንኳ ይህን አትዘንጉ። ስሙ በሌላ ፕሮጀክት ወይም ድርጅት አለመያዙን የማጣራቱን ሥራ በጊዜ ጨርሰን ስለነበር ጉዳዩ የተዘጋ መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያው ኮዱን ከመስጠቱ በፊት ስሙን በንግድ ምልክትነት በራሱ ስም አስመዝግቦት ነበር፤ ኮዱን ለአፓቺ ስንሰጥ የተፈረመው ሰነድ ደግሞ ስለ ኮዱ እንጂ ስለ ምልክቱ የሚለው ነገር የለም። በሃያ ሁለተኛው ወራችን ውይይቱን እንደገና ስንከፍት «ምልክቱ ተላልፏል ወይ?» የሚል የአንድ መስመር ጥያቄ መጣ፤ ከእኛ ወገን መልሱን የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ኩባንያው የሕግ ክፍል ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «የእኔ ሥራ የኩባንያውን ንብረት መጠበቅ እንጂ ማደል አይደለም» አለችኝ። የክፍል ኃላፊዬን ፊርማ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ኃላፊዬ በመሃል ሥራ ለቀቀና የአዲሱን ኃላፊ ፊርማ አምጣ ተባልኩ። በዚህ ላይ የገበያ ክፍሉ በዚያው ስም የሚሸጥ አገልግሎት ጀምሮ ኖሮ ስሙን አልለቅም አለ። ወራት ፈጅቶ የአገልግሎቱ ስም ከተቀየረ በኋላ የማስተላለፊያው ሰነድ ተፈርሞ ሲመጣ፣ የፕሮጀክታችን ስም ውስጥ አንድ ፊደል ተዘሏል! እንደገና ወደ ፊርማ ተመለሰ። እነዚያ ሰባት ወሮች ያለቁት እንዲህ ነው። ያንን ጥያቄ በገባንበት ሳምንት ጠይቀነው ቢሆን ኮዱን ሲያስረክቡ ደስ ብሏቸው የነበሩት አለቆች በአንድ ቀን ይፈርሙት ነበር።

የድረ ገጹን አድራሻ፣ ዶሜይኑንም አብራችሁ እዩ፤ የእኛ በየዓመቱ ይታደስ የነበረው ከለቀቀ ኢንጂነር የባንክ ካርድ ላይ እየተቆረጠ ነበር።

ስለዚህ መልሴ፦ የኮሚተሮቹ ዝርዝር በአንድ ድርጅት ካልተያዘና ምልክቱ ከኩባንያው እጅ ከወጣ ድምፁን ጥሩ። የእናንተ ማኅበረሰብ ድምፅ ከሰጠ በኋላ የኢንኩቤተሩ ውይይትና ድምፅ ይከተላል፤ ከዚያ ፕሮጀክቱን ሙሉ የአፓቺ ፕሮጀክት የሚያደርገው የውሳኔ ሐሳብ በየወሩ ለሚሰበሰበው የፋውንዴሽኑ ቦርድ ይቀርባል። በውሳኔ ሐሳቡ ላይ ሰብሳቢ ሆኖ የሚጻፈው ሰው በአፓቺ የፕሮጀክቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ስለሚሆን የኩባንያችሁን ቲም ሊድ በልማድ አትጻፉት። እኛ የመረጥነው ያንን ዶክመንቴሽን ሲያርም የነበረውን ሰው ነው፤ ካጉረመረሙት ባልደረቦች አንዱ ራሱ ነው የጠቆመው።

እስከዚያው ግን የንግድ ምልክቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ነገ ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን እዚሁ ጻፉልኝ። በኩባንያው ስም ከሆነ እኛ በመጨረሻ ያስፈረምነውን ደብዳቤ አጻጻፍ እልክላችኋለሁ።