መልስ፦ ማዕከሉ ሲዘጋ የውሃ ቱቦው በውርጭ እንዳይፈነዳ

ማዕከሉን ስንዘጋ ቱቦው እንዳይፈነዳ ማሞቂያ ለኩሼ ልሂድ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አትሂድ፤ ውሃውን አውጥተህ ቱቦዎቹን ባዶ አድርግ። የመብት ተሟጋቾች የሚያርፉበት የገጠር ማዕከላችሁ ብርዱ እስኪያልፍ ሰው አይኖረውም ካልክ፣ መብራት አንድ ሌሊት ከጠፋ ማሞቂያው ከንቱ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቱቦ የሚሰነጥቀውም ይኸው ነው።

1. መጀመሪያ ቦይለሩን (የውሃ ማሞቂያ ታንከሩን) ከኤሌክትሪክ ለይተህ አቀዝቅዝ። ባዶውን ከሠራ ይቃጠላል።

2. ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጋ። የላይኛዎቹን ቧንቧዎች ሁሉ ክፈት፤ ከዚያ ከሁሉም ዝቅ ያለውን። ቦይለሩንም በማስወጫው አፍስስ። ቁልቁለት በሌለው ቱቦ የሚቀረውን ውሃ በኮምፕረሰር (አየር በኃይል በሚነፋ ማሽን) ንፋ።

3. የሽንት ቤቱን ታንከር አራግፍ። ከመታጠቢያው ሥር ባለው ጠማማ ቱቦ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበት ፀረ ውርጭ ፈሳሽ ጨምር። የተለመደው የመኪና ግን ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ መርዝ ስለሆነ እንዳትነካው።

የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን አትርሳ። ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው።

እኔን ግን ከቧንቧው ይልቅ የሚያሳስበኝ አዳራሹ ነው። በምሠራበት ማዕከል ወቅቱ አልቆ ስናጸዳ፣ በተቃውሞ ሰልፍ ማን የት እንደሚቆም በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈበት ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ እናገኛለን፤ ስምና ስልክ ሳይቀር። ያንን ለወራት ጠባቂ በሌለው ቤት ትቶ መሄድ ሰዎቹን አሳልፎ መስጠት ነው። የምዝገባ ወረቀቱንም ጨምረህ፣ በርህን ከመቆለፍህ በፊት ምድጃ ውስጥ አቃጥለው።