ኬሚካሉን ይተዉት፣ ሲሚንቶውን ያንሱት

አንዲት አንባቢ ከምዕራብ ዌልስ ጽፈውልኛል። ከባለቤታቸው ጋር ካርማርተንሻየር ገጠር ውስጥ አሮጌ የገበሬ የድንጋይ ቤት ገዝተዋል። የሳሎኑ ግድግዳ እስከ ወገብ ይረጥባል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። የመጣው ባለሙያ «እርጥበቱ ከመሬት ነው፤ ግድግዳውን በስተን ኬሚካል እንክተትበት» ብሏቸዋል። ዋጋው ኪስ ያራቁታል። «እሺ ልበል ወይስ ይቅርብኝ?» ይላሉ።

ይቅርብዎት። ቢያንስ ለአሁኑ።

የላኩልኝን ፎቶ አይቼዋለሁ። የውጭው ስቲላቱራ (በድንጋዮቹ መጋጠሚያ የሚሞላው) ግራጫና ደረቅ ሲሚንቶ ነው። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ 60 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል፤ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ከውጭና ከውስጥ ድንጋይ ይደረደራል፣ መሃሉ በኮረትና በአፈር ይሞላል። ማያያዣው ኖራ ወይም ጭቃ ነው። እዚያ አገር ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ በጎን ስለሚመታ ግድግዳው ድሮም ይረጥብ ነበር። ኖራው ግን ውሃውን መልሶ ያስተነፍሰዋል። ሲሚንቶ በስንጥቆቹ ውሃ ያስገባል፣ መውጫውን ግን ይዘጋል። አሁን ግድግዳዎ ፌስታል እንደለበሰ ሰው ነው። ውሃው ቀዳዳ ያገኘው በሳሎንዎ በኩል ነው።

ኬሚካሉስ? የጡብ ግድግዳ ቢሆን እንከራከር ነበር። መሃሉ ክፍተት የሞላበት ግድግዳ ላይ ግን ኬሚካሉ በየጉድጓዱ ፈስሶ ይቀራል።

መጀመሪያ ዝናብ ሲዘንብ ወጥተው አሸንዳውን ይዩ። ከዚያ የውጭውን አፈር። ብዙዎቹ ቤቶች ዳገት ላይ ስለተሠሩ የላይኛው ጫፋቸው መሬት ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ የዘመናት አፈር ይከመራል። አፈሩን ከውስጥ ወለል ዝቅ ያድርጉት። ጠለቅ አድርገው ግን አይቆፍሩ፣ የእነዚህ ቤቶች መሠረት ጥልቅ አይደለም።

ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ያስነሱ። ግራይንደር ይዞ የመጣን ሰው ከበር ይመልሱት፤ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል። አንድ ካሬ ሜትር ብቻ ይሞከር። ድንጋዩ ከሲሚንቶው ጋር እየተቦረቦረ ከመጣ ይቁም። ደህና ከለቀቀ መጋጠሚያው ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይጠረግ፣ ይታጠብ፣ እርጥብ እያለ ኖራ ይሞላ። አንድ እጅ ኤንኤችኤል 3.5 ኖራ (ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚጠነክር የተፈጥሮ ኖራ ዓይነት)፣ ሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ። ጠንከር ማለት ሲጀምር በደረቅ ብሩሽ ይመታ፣ ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ከ5 ዲግሪ በታች አይሠራም፤ ስለዚህ ከኤፕሪል በፊት አይጣደፉ።

ከውስጥም ጄሶውንና የፕላስቲክ ቀለሙን ያንሱ። በኖራ ልስን ይተኩት፣ ኖራ ቀለም ይቀቡት። ግድግዳው እስኪደርቅ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ካርዲፍ አጠገብ ሴንት ፋገንስ ሙዚየም ውስጥ ከደቡብ ዌልሱ ጋወር ተነቅሎ የተተከለው የኬኒክስተን የገበሬ ቤት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1610 የተሠራ። ግድግዳው በቀይ ኖራ ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀዩ ክፉ መንፈስ ያርቃል ይባል ነበር። ሄደው በእጅዎ ይዳስሱት።

መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት ቤቱ በካዱ (የዌልስ መንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት) የቅርስ መዝገብ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ካለ፣ ያለአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ እንዲህ ያለ ሥራ መጀመር ወንጀል ሊሆንብዎት ይችላል።

ግንበኛ ሲመርጡም «ኖራውን ለስንት ቀን ትሸፍነዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። «መሸፈን አያስፈልገውም» ካለዎት ሌላ ይፈልጉ።