ልጆቻችንና የቤዝቦል ድራፍት፦ ጋሽ ታደሰን ጠይቁ

የናሆም እናት፦ ጋሽ ታደሰ፣ እንደምን ሰነበቱ? ናሆም ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። ስካውቶቹ (ለቡድኖች ተጫዋች የሚመለምሉት) «በስንት ይፈርማል?» እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?

ጋሽ ታደሰ፦ ይመስገን። ቁጥሩን ከድራፍቱ (የአሜሪካ ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ከሚመርጡበት) በፊት ቤታችሁ ጨርሱ። ድራፍቱ በፈረንጅ ከ2021 ወዲህ 20 ዙር ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች ለየምርጫው የተተመነ ገንዘብ አለ፤ ድምሩ የቡድኑ የቦነስ (የፊርማ ገንዘብ) በጀት ነው። የተመረጠው ልጅ ካልፈረመ የእሱ ድርሻ ከበጀቱ ይቀነሳል፣ ለሌላ አይውልም። ስለዚህ አይፈርምም ብለው የጠረጠሩትን አይነኩም። ተራቸው ሲቃረብ ይደውላሉ፦ «ይህን ያህል ብንሰጥ ትፈርማላችሁ?» ያኔ አባት ሳሎን፣ እናት ጓዳ ሆኖ መመካከር የለም። በዙሩ ቁጥርም አትኩራሩ፣ አይክፋችሁም። የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾችን ከተመኑ በታች ያስፈርሙና የተረፈውን ለሃይስኩል ልጅ ይጨምሩለታል። ዝቅ ብሎ ተጠርቶ የበለጠ የሚያገኝ አለ።

አቤል፦ ለልጄ ኤጀንት (የሚደራደርለት ወኪል) ልያዝለት?

ጋሽ ታደሰ፦ መጀመሪያ የሚሄድበትን ኮሌጅ ጠይቅ። የኮሌጅ ስፖርቱን ሕግ ከጣሰ ኮሌጅ የመጫወት መብቱን ሊያጣ ይችላል። ቁጥሩን ግን እናንተ ወስኑ።

ሰላማዊት፦ ኮሌጅ ይሻላል ወይስ መፈረም?

ጋሽ ታደሰ፦ ለየትኛው ልጅ? ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው? ስንት ተባለ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ዮናስ፦ ኮሌጅ ነዋ! ጌሪት ኮልን ያንኪስ የሚባለው ቡድን በፈረንጅ 2008 በመጀመሪያው ዙር መረጠው፤ እምቢ ብሎ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2011 ፓይሬትስ አንደኛ አድርገው መርጠውት በ8 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ።

ቢኒያም፦ የብሬዲ ኤይከን ነገርስ? በ2014 አስትሮስ አንደኛ መረጡት፣ ሳይፈርም ቀረ። በዓመቱ ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደርጎ 17ኛ ተጠራ።

ዮናስ፦ በአንድ ልጅ ታስፈራራለህ?

ቢኒያም፦ አንተስ ስንት ጠቀስክ?

የናሆም እናት፦ ኧረ በናታችሁ!

ጋሽ ታደሰ፦ ኤይከን ኮሌጅ አማርጦ አይደለም። ቡድኑ የክርኑን ምስል አይቶ ገንዘቡን ስለቀነሰበት ነው። ሐኪም ሳያየው በቃል የተባለ ቁጥር ገና ገንዘብ አይደለም።

ሄለን፦ ኮሌጅ ከገባ መቼ ይመረጣል?

ጋሽ ታደሰ፦ የአራት ዓመት ኮሌጅ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ሲሞላው። የሁለት ዓመት ከሆነ በየዓመቱ።

ሄኖክ፦ አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ድራፍቱ እሱን አይመለከትም። ለብቻው ጠይቀኝ።

አቤል፦ ታዲያ ስንት ልበል?

ጋሽ ታደሰ፦ አቤል፣ አሁን ምን አልኩ? ቤታችሁ! ታክሱንና የአማካሪውን ድርሻ ቀንሱ። ከቦነሱ ሌላ የሚያገኘው የማይነር ሊግ (የታችኛው ሊግ) ደመወዝ ነው፤ በ2023ቱ ስምምነት ነጠላ ኤ በሚባለው ዝቅተኛ እርከን ላይ በዓመት 26,200 ዶላር። ቡድኑ የሚከፍልለት የኮሌጅ ክፍያም ውሉ ውስጥ ይግባ፣ በቃል አትቀበሉ። መጫወት ካቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ካልጀመረ ይቀርበታል።

አቤል፦ በግምት እንኳ?

ጋሽ ታደሰ፦ የሚቀጥለው ጠያቂ።