የሰርቨር ላይብረሪን ደካማ ስልክ ላይ ማስኬድ

ወንድማችን የጠየቀው ይህን ነው፦ ሰርቨር ላይ ለዓመታት የሠራ፣ ሰነድና ፎቶ የሚያዘጋጅ የጃቫ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የተዘጋጀ ኮድ) አለው። አሁን ራማቸው ትንሽ በሆነ የቆዩ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ሊያስኬደው ይፈልጋል። «እንደ አዲስ ልጻፈው ወይስ ያለውን ላስተካክል?» ይላል።

እባክህ እንደ አዲስ አትጻፈው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። በዓመታት ተፈትኖ የተስተካከለ ኮድ በቀላሉ አይተካም። ደግሞም አብዛኛው ኮድህ ስሌት ነው፤ ስሌት የትም ይሠራል። ችግሩ ያለው ላይብረሪው ከሥርዓቱ አንድ ነገር በሚጠይቅባቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው።

እነሱን ለማግኘት ጄዴፕስ (jdeps) የተባለውን መሣሪያ ተጠቀም። ከጃቫ 8 ጀምሮ ከጄዲኬ (ከጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ጥቅል) ጋር አብሮ ይመጣል። ላይብረሪህ የሚጠራቸውን ፓኬጆች ይዘረዝርልሃል። ጃቫ ታይምን (የቀንና የሰዓት ፓኬጁን) ካየህ ብዙ አትጨነቅ፤ አንድሮይድ ላይ የገባው ከ8.0 ወዲህ ቢሆንም ለቀደሙት ዲሹገሪንግን (አዲሱን የጃቫ ኮድ ለቆየ አንድሮይድ እንዲሠራ አድርጎ የሚቀይረውን) ማብራት በአብዛኛው ይበቃል። ኤደብሊውቲ (AWT፣ የጃቫ የሥዕልና የመስኮት ፓኬጅ) እና ኢሜጅአይኦ (ImageIO፣ ፎቶ ማንበቢያና መጻፊያው) ግን አንድሮይድ ላይ ጭራሽ የሉም፤ አቋራጭም የላቸውም። ፎቶ የሚከፍተውን ክፍል ከአንድ ትንሽ ኢንተርፌስ (ምን እንደሚሠራ ብቻ የሚናገር፣ አሠራሩን ለሌላ ክላስ የሚተው ውል) ጀርባ አስገባው። ሰርቨሩ በድሮው መንገድ ይክፈት፣ ስልኩ በአንድሮይዱ የፎቶ ክላስ በቢትማፕ።

ኢንተርፌሱን ስትጽፍ ግን ቆም ብለህ አስብ። ብዙ ሰው የአፑ መጠን ያስጨንቀዋል፤ ደካማ ስልክን የሚጥለው ግን ሜሞሪ ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ውሰድ። ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል፤ ድምሩ 48 ሚሊዮን ባይት ነው። ላይብረሪህ ለማዞር አንድ ቅጂ፣ ለማሳነስ ሌላ ቅጂ ከሠራ መቶ ሜጋባይትን አለፍክ ማለት ነው። ሰርቨሩ ይህን ከምንም አይቆጥረውም። ስልክ ላይ ግን ለእያንዳንዱ አፕ የተፈቀደ የሂፕ (የአፑ የሥራ ሜሞሪ) ገደብ አለ፤ እሱን ስታልፍ አፑ ይዘጋል። ያንኑ ፎቶ ኢንሳምፕልሳይዝን (ፎቶው ሲከፈት ስፋቱና ቁመቱ ለስንት እንደሚካፈል የሚወስነውን ቁጥር) 4 አድርገህ ብትከፍተው 1000 በ750 ሆኖ ይመጣል፤ 3 ሚሊዮን ባይት ብቻ። ስለዚህ ኢንተርፌሱ «ፎቶውን ክፈት» ብቻ አይበል፤ «በዚህ ስፋት ክፈት» ይበል። ከፍቶ ማሳነስ ሳይሆን አሳንሶ መክፈት። ለሰነዱም ያው ነው፤ ሙሉውን አንብበህ ስትሪንግ ውስጥ አታስቀምጠው፣ እየቆረስክ አንብብ።

ቀጥሎ አርኤይትን (R8፣ የአንድሮይድ ኮድ ማሳነሻውን) አብራ፤ የማያስፈልገውን ኮድ ይቆርጥልሃል። ላይብረሪህ በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ) ክላስን በስሙ የሚጠራ ከሆነ ግን የኪፕ ሕግ («ይህን አትቁረጥ» የሚል መመሪያ) ጻፍለት። አለዚያ ዲበግ (የመሞከሪያው ቅጂ) ላይ በደንብ የሠራው ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚወጣው ቅጂ) ላይ ይወድቃል።

ፈተናውን ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ብቻ አትጨርስ፤ የሚሠራው በላፕቶፕህ ጉልበት ስለሆነ ዝግመቱን ይደብቅብሃል። ልታገኝ የምትችለውን ደካማውን ስልክ ያዝ፣ ሌሎች አፖችን ክፍት ተውና ትልቁን ፎቶህን ስጠው።

የጄዴፕሱን ውጤት እዚህ ለጥፍልን፤ ኤደብሊውቲ የገባባቸውን ክላሶች አብረን እናያለን።